ከበሩ ወዲህ አሰልጣኝ

የክለቡ ልጆች ከሁሉ አስቀድመው የሚማሩት መገልበጥ ነው። ሸራ መስቀሉ፣ ገመድ ማሰሩ፣ ነፋስ ከየት እንደሚመጣ ማወቁ በኋላ ይደርሳል። መጀመሪያ እያንዳንዱ ልጅ የመንሳፈፊያ ሰደሪያውን አጥብቆ፣ በሰላም የቆመችውን ትንሽ ባለሸራ ጀልባ በገዛ እጁ ገልብጦ ውሃ ውስጥ ይገባና መልሶ ያቃናታል። ከጀልባዋ ሆድ ወደ ታች የሚወርድ ረጅም ሰሌዳ አለ፤ ልጆቹ «ምላስ» ይሉታል። ጀልባዋ በጎኗ ስትተኛ ምላሷን አውጥታ ትቀራለች። ልጁ ምላሷ ላይ ወጥቶ በሙሉ ክብደቱ ይቆምባታል፣ እሷም ለትምህርት ቤት እንደተቀሰቀሰ ሰነፍ እያንገራገረች ትነሳለች። ይኸው ነው ጥበቡ።

ቀጥሎ ምልክቱ ይመጣል። የተገለበጠ ልጅ መዳፉን አናቱ ላይ ካደረገ «ደህና ነኝ፣ አትምጡ» ማለቱ ነው። ክንዱን ወደ ላይ ዘርግቶ ካወዛወዘ «ድረሱልኝ» ማለቱ ነው። አሰልጣኙ በሞተር ጀልባ እየዞረ የሚያየው እጅ ነው፤ በነፋስና በሞተር ድምፅ መሃል ከሩቅ የማን ጩኸት እንደሆነ አይለይም።

መዳፍን አናት ላይ በማድረግ የአሰልጣኙን ልጅ የሚያክላት አልነበረም። ልጆቹ «ቡሽ» ብለው ይጠሯታል፣ የቱንም ያህል ብትሰጥም ተመልሳ ብቅ ስለምትል። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ናት፤ ቀጭን፣ ጉልበቷ ሁልጊዜ የተላላጠ፣ ዝም ማለት የምትችል። አንድ ጠዋት መታጠቢያ ቤት መስታወት ፊት ቆማ ምልክቱን ስትለማመድ እናቷ ከሥራ ገብታ አገኘቻት።

«እጅሽን ከራስሽ ላይ አውርጂ! ማን ሞተብሽ?» አለች እናቷ፤ ከዚያ በራሷ ንግግር ስቃ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ልትተኛ ገባች።

እናትየዋ የሌሊት ተረኛ ነርስ ናት። ሌሊቱን የሰው ልጅ ስታገላብጥ አድራ ቀኑን ትተኛለች። ስለዚህ በዚያ ቤት ቀን ቀን በሹክሹክታ ይወራል፣ ሳህን በፎጣ ላይ ይቀመጣል፣ በር በእጅ ተይዞ ይዘጋል። ሦስት ሰው ይኖርበታል፣ ሦስቱ አንድ ላይ ነቅተው የሚገናኙበት ሰዓት ግን ከስንት አንድ ነው። ድሮ ይህ ቡሽን አይከፋትም ነበር። ድሮ አባቷ ነበራት።

አሁንም አላት እርግጥ። በሕይወት አለ፣ ጤነኛ ነው፣ ማታ ማታ እግሩን ሶፋው ላይ ዘርግቶ ዜና ያያል። ግን ያኔ ሌላ ነበር። ራት ሲበሉ ማንኪያው ጀልባ፣ የጨው ዕቃው መዞሪያ ምልክት፣ የዳቦ ፍርፋሪው ተቀናቃኝ ይሆናል፤ አባቷ ከጠረጴዛው ጫፍ እፍ ብሎ ነፋሱን ይልክባታል፣ እሷ ማንኪያዋን ታዞራለች። «ቀደምሽ! ቶሎ ቀደምሽ! ነፋሱ ሳይመጣ ዞርሽ!» ይላል በሹክሹክታ፣ የተኛችውን እንዳይቀሰቅስ አፉን እየሸፈነ። አባትና ልጅ ሌላ ወሬ አልነበራቸውም፣ ሌላም አላማራቸውም።

ነገሩን ያበላሸው ድሏ ነው። ባለፈው ዓመት በልጆች ውድድር አንደኛ ወጣች። ሁለተኛ የወጣው የፋርማሲ ባለቤቱ ልጅ ነበር፣ መነጽሩን በገመድ ከአንገቱ ጋር ስለሚያስር «ፕሮፌሰር» የሚባለው። ልጁ ራሱ ደስ ብሎት እጇን ጨበጣት። አባትየው ግን ለወላጆች በተዘረጋው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ፣ ለጎረቤቱ ያወራ መስሎ ለሁሉም እንዲሰማ አድርጎ፣ «ድሮስ! ፊሽካው በአባት እጅ፣ መሪው በልጅ እጅ፤ ማን ሊያሸንፍ ኖሯል?» አለ። የሳቁ ነበሩ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ፋርማሲስቱ ሁለቱም ደርሰውበታል፣ ሁለቱንም አላወቀም።

አሰልጣኙ ደግሞ ስሙ ከሚነሳ አንገቱ ቢቆረጥ የሚመርጥ ሰው ነው። በሳምንቱ፣ ክለቡ በር ላይ፣ ቁልፉን ከኪሱ እየፈለገ ልጁን አቆማት።

«ስሚ፤ ከዚህ በር ወዲህ አባትሽ አይደለሁም። አሰልጣኝ ነኝ። እንደ ሌሎቹ ልጆች ነው የምትጠሪኝ፣ እኔም እንደ ሌሎቹ ልጆች ነው የማይሽ። ይገባሻል?»

«እርስዎ እያልኩ?»

«እርስዎ እያልሽ።»

በመጀመሪያ ጨዋታ መሰላት። «እሺ አሰልጣኝ፣ ይግቡ አሰልጣኝ» ብላ በሩን ከፈተችለትና ጎንበስ አለች። እሱ አልሳቀም።

እንደ ሌሎቹ ልጆች ቢያያትማ በተገላገለች። እሱ ግን እንደ ሌሎቹ አላያትም፣ ከሌሎቹ አሳንሶ አያት እንጂ። የሞተር ጀልባው ወደ ሁሉም ይጠጋል፤ ገመዱን የሚያላላ፣ ሸራውን የሚያስተካክል፣ «ጎበዝ!» የሚል ቃል ለሁሉም ይደርሳል። ወደ ቡሽ የሚመጣው ሁሉንም ከጨረሰ በኋላ ነው፣ እሱም ከመጣ። ሲመጣም ስህተቷን ብቻ ነግሯት ይመለሳል። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ማለት ይኸው ነው።

አንድ ቀን ተገልብጣ ውሃው በጣም ቀዘቀዘባት፣ ፈራችም፤ ክንዷን አነሳች። አሰልጣኙ መዳፋቸውን አናታቸው ላይ ያደረጉትን ልጆች ሳይቀር አንድ በአንድ ጎብኝቶ መጨረሻ ላይ መጣ። ጀልባዋን አየ፣ ምላሷን አየ፣ ሸራዋን አየ፤ ሁሉም ደህና ነው። «ለዚህ ነው እጅ የምታነሺው?» አላት፣ ሁሉም እየሰማ። ከዚያ ቀን ወዲህ ብትገለበጥም ባትገለበጥም ክንዷ ሽቅብ አልወጣም። ሆድ ይፍጀው ብላ ተወችው።

ይህም ባልከፋ። የከፋው ቤት ነው። «የክለብ ነገር ክለብ ይቀራል» አለ አባቷ፣ እንዲያ ካልሆነ ለእሷ ብቻ ተጨማሪ ትምህርት የሚሰጥ ይመስለዋል። ማንኪያው ማንኪያ ሆነ፣ የጨው ዕቃውም የጨው ዕቃ። ሌላ ወሬ ደግሞ ከድሮም አልነበራቸውም፣ ስለዚህ ዝም አሉ። «ትምህርት እንዴት ነበር?» «ደህና።» «የቤት ሥራ ጨረስሽ?» «ጨርሻለሁ።» ከዚያ የማቀዝቀዣው ሞተር ብቻ ይሰማል። ቡሽ አንዳንዴ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ፣ አባቷ ከፊት ለፊቷ እያለ፣ አባቷ ይናፍቃታል። ይህን ለማን ይነግሩታል? እናቷ ተኝታለች። ለጓደኞቿ ብትነግር «አንቺ ደግሞ! አባትሽ እኮ አሰልጣኙ ነው» ይሏታል። እና ማታ አልጋዋ ላይ ሆና አንድ ነገር ብቻ ትመኛለች፦ አንድ ቀን፣ አንዴ ብቻ፣ ያ የሞተር ጀልባ ከሁሉም በፊት ወደ እሷ ሲመጣ ማየት።

የቅዳሜው ነፋስ ማንም ሳይጠራው መጣ። ጠዋት ውሃው እንደ መስታወት ረግቶ ልጆቹ ሸራቸው ተንጠልጥሎ ሲሰላቹ፣ «አሰልጣኝ፣ እንዋኝና እንግፋው እንዴ?» እያሉ ሲቀልዱ ነበር። ምልክቶቹን፣ ማለት በድንጋይ የታሰሩትን ቢጫ ጀሪካኖች፣ አንዴ ዞረው ሁለተኛውን ሲጀምሩ ከኮረብታው በኩል የውሃው ፊት ጠቆረ። ቡሽ አየችው። ሸራዋን አላላች፣ ክብደቷን ወደ ዳር አወጣች፣ የተማረችውን ሁሉ አደረገች። ነፋሱ ግን የተማረውን የሚያከብር ዓይነት አልነበረም፤ ከሁለት አቅጣጫ መታት፣ ጀልባዋም ተገለበጠች።

ብቅ ስትል ቡሽ ብቻዋን አልነበረችም። ግማሹ ቡድን ውሃ ውስጥ ነበር። ነጭ ሸራዎች ውሃው ላይ ተኝተዋል፣ ፊሽካ ይነፋል፣ ልጆቹም በአንድ አፍ «አሰልጣኝ! አሰልጣኝ!» ይላሉ። የፕሮፌሰር ድምፅ ከሁሉም ይበልጣል፣ ሁለቱንም ክንዱን አንስቷል።

ቡሽ ወደ ጀልባዋ ሆድ ዞረች፣ ምላሷ ላይ ልትወጣ። ምላስ የለም። የሚያስረው ገመድ ተበጥሶ ሰሌዳው ከገባበት ስንጥቅ ሾልኮ ወጥቷል፤ ራቅ ብሎ ማዕበሉ ላይ ሲንሳፈፍ አየችው፣ ወዲያው ደግሞ አጣችው። ምላስ የሌላት ጀልባ አትቃናም። የሚቆሙበት የለ፣ የሚይዙት የለ፤ ሆዷ እንደ ሳሙና ያዳልጣል። ከጫፉ ይዛ ሞከረች፣ ወደቀች። እንደገና ሞከረች፣ እንደገና ወደቀች። ነፋሱ በዚህ መሃል እሷንና ጀልባዋን አንድ ላይ ወደ ሸምበቆው በኩል ይገፋቸዋል።

የሞተሩን ድምፅ የሰማችው ያኔ ነው። አሰልጣኙ በአጠገቧ ሊያልፍ ነው፣ ፊቱ ይታያታል፤ ውሃ ረጭቶታል፣ ዓይኖቹ ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው ይዘላሉ። ሞተሩን ቀነስ አድርጎ ወደ እሷ ዞረ። በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ አድርጎ አይቷት አያውቅም። ቢጠሩት ይሰማል፤ ያን ያህል ቅርብ ነበር። ቡሽ አፏን ከፈተች። «አሰል...» ብላ ጀመረች፣ ከኋላዋ ግን ፕሮፌሰር ያንኑ ቃል እያለቀሰ ይጮኻል፣ ሌሎቹም ያንኑ ይጮኻሉ፤ የእሷ ከማን ይለያል? ሌላ ቃል ነበራት። ያኛው ግን ከበሩ ውጭ የቀረ ነው። አፏን ዘጋች። እጇም ማንም ሳያዘው ሄዶ አናቷ ላይ ተቀመጠ።

አሰልጣኙ አየ። ራሱን ነቀነቀ፣ «ጎበዝ» እንደማለት። ሞተሩን ከፍቶ ወደ ፕሮፌሰር ሄደ።

ከዚያ በኋላ የነበረው ረጅም ነው። የሞተር ጀልባው ልጆችን ጫነ፣ የተገለበጡትን ጎተተ፣ ወደ ክለቡ ራቀ። ቡሽ ከጀልባዋ ጋር ወደ ውሃው የሚገባውን የአሸዋ ጫፍ አልፋ ታጠፈች፣ ሸምበቆው ውስጥ ገብታ ቆመች። ከዚያ ክለቡ አይታይም። የጀልባዋ ሆድ ላይ በሆዷ ተኛች፣ ጥርሷ ይንገጫገጫል። ሸምበቆው ይንሾካሾካል፣ ነፋሱም ሥራውን ጨርሶ ቀስ በቀስ ተወ። አንድ ወፍ መጥታ መሪው ላይ ቆመች፣ አየቻት፣ የሚበላ ነገር እንደሌላት ተረድታ ሄደች።

አላለቀሰችም። ለማልቀስም ሰው ያስፈልጋል። ይልቅ እንዲህ ስትል አሰበች፦ ወደ ቤት ብደርስ እናቴ ተኝታለች። ባልደርስስ? ማታ ለሥራ ስትነሳ ነው የምታውቀው። አባቴን ደግሞ ደህና ነኝ ብዬዋለሁ። ይህን ስታስብ በዓለም ላይ እሷን የሚፈልግ አንድም ሰው በዚያች ሰዓት አለመኖሩን፣ እንዲያ ያደረገውም የራሷ እጅ መሆኑን አወቀች።

ወደብ ላይ የሆነውን የነገረቻት ቆይታ የአሰልጣኙ ረዳት ናት፣ ለወሬ የማትሰስት ወጣት። ልጆቹ በፎጣ ተጠቅልለው ወላጆቻቸው ሲያሿቸው፣ ረዳቷ «ቡሽስ?» ብላ ጠየቀች። «ደህና ናት፤ ምልክቱን አይቻለሁ» አለ አሰልጣኙ፣ ገመድ እየጠቀለለ። ጥቂት ቆይቶ ገመዱ ከእጁ ወደቀ። ደህና ከሆነች ጀልባዋን አቃንታ እስካሁን መምጣት ነበረባት፤ ይህን ከማንም በላይ የሚያውቀው ያስተማራት እሱ ነው። «ዘሎ ሲገባ ጀልባውን ሳይፈታው ነው ሞተሩን ያስነሳው፣ ጀልባው የታሰረበትን መድረክ ይዞት ሊሄድ ነበር» አለች ረዳቷ።

ቡሽ የሰማችው ሞተሩን ነው። ልጆችን «ሸምበቆ አጠገብ በዝግታ!» እያለ የሚቆጣ ሰው በሙሉ ፍጥነት ሸምበቆው ውስጥ ገባ፣ ሞተሩ ሣር ጠቅልሎ ታንቆ ጠፋ። ሰውየው ከነጫማው ውሃ ውስጥ ዘለለ። ውሃው ደረቱ ድረስ ነበር። እየተንቦጫረቀ መጥቶ የጀልባዋን ጫፍ ያዘና መጀመሪያ ያየው ባዶውን ስንጥቅ ነው።

«ምላሱስ?»

«ሄደ።»

«መቼ?»

«ገና ስገለበጥ።»

«እኔ በአጠገብሽ ሳልፍ አልነበረም?»

«አልነበረም።»

ቁጣ ነበር፣ ፍርሃትም ነበር፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ሰው ይጮኻል፤ እሱም ጮኸ። «ታዲያ ለምን ደህና ነኝ አልሽ? እዚህ እኮ ነበርኩ! ለምን አልጠራሽኝም?»

ቡሽ አየችው። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል።

«ምን ብዬ?» አለች።

ልትመልስለት ብላ አይደለም፣ ልታሳዝነውም አይደለም። የምር ጠየቀችው፤ መልሱን ብትሰማ ደስ ይላት ነበር። ሰውየው ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ ሁለት እጁን ጀልባዋ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ደፋ። ቀና ሲል አቅፎ አወረዳት፣ በጃኬቱ ጠቀለላት፣ ከሞተሩ ላይ ሣሩን እየነቀለ መሥራት ጀመረ። ወደ ክለቡም ይዟት ተመለሰ።

መድረኩ ላይ ፋርማሲስቱ ምክር ይዞ ይጠብቅ ነበር። «እኔ እኮ ጠዋት ሰማዩን አይቼ ብያለሁ፣ ነፋስ ይመጣል ብያለሁ» አለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። አሰልጣኙ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ በአጠገቡ አለፈ፣ ቀጥታ ወደ ክለቡ ሊቀ መንበር ቢሮ ገባ፣ በሩን ዘጋ።

ሳምንቱን ሙሉ ቤቱ ከወትሮውም ጭር አለ። አባቷ ያመሻል፣ ሲገባ እሷ ተኝታለች፤ አንዴ በሯን ገፋ አድርጎ ሲያያት ዓይኗን ጨፈነች። የማይነገረውን ተናገርኩ ብላ ደመደመች። ዝምታውን እንኳ የሚጋራት ነበር፣ አሁን እሱም ሊቀር ነው።

ቅዳሜ ክለብ ስትደርስ ፊሽካው በረዳቷ አንገት ላይ ነበር። በሞተር ጀልባው ውስጥ አባቷ የለም።

«አሰልጣኝስ?» አለች ቡሽ።

«ከዛሬ ጀምሮ አሰልጣኝሽ እኔ ነኝ። እሱ የትልልቆቹን ቡድን ይዟል፣ እሁድ እሁድ» አለች ረዳቷ፤ ከዚያ እንደ ልማዷ ጨመረችበት፦ «ልጆቹን እየወደደ! ምን እንደነካው እንጃ።»

ቡሽ አዲሱን ምላስ አስገባች፣ አዲሱን ገመድ አሰረች፣ ጀልባዋን ወደ ውሃ ገፋች። እጇ ያውቀዋልና ሠራችው፤ ልቧ ግን ባዶ ነበር። የሚመጣላትን እፈልጋለሁ ስትል የሚዞረውንም አጣችው። የመጀመሪያውን ጀሪካን ለመዞር ስትቃረብ ፊቷን ወደ ነፋሱ ሰጥታ ምንም አላሰበችም።

ያኔ ከመድረኩ ላይ አንድ ሰው ጮኸ። የወላጆች ወንበር መሃል፣ ቴርሞስና ፎጣ የታቀፈ፣ ከፋርማሲስቱ ጎን የሚቀመጥበት አጥቶ የቆመ ሰው ነበር። በሕይወቱ ወላጅ ሆኖ እዚያ ቆሞ ስለማያውቅ እጁን የት እንደሚያደርገው ግራ ገብቶታል። ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣለ፣ ሁለት መዳፉን አፉ ዙሪያ አደረገ።

«ልጄ! ቶሎ አትዙሪ! ነፋሱ ይምጣልሽ!»

«ወላጆች ከመድረክ ላይ አይጮኹም!» አለች ረዳቷ በድምፅ ማጉያው፣ ለዚህ ቀን የተወለደች ይመስል። ፋርማሲስቱ እግሩን እየመታ ሳቀ።

«ልጄ!» አለ ሰውየው እንደገና፣ ጭራሽ ባሰበት። «የእኔ ልጅ!»

ውሃው ላይ ብዙ ልጆች ነበሩ፣ ሁሉም የሰው ልጆች ናቸው። ዘወር ያለችው አንዷ ብቻ ነች።

«አባዬ!» ብላ ጮኸች፣ ድምፅዋ ተሰንጥቆ። «አይቼዋለሁ! አንተ ዝም በል!»

ይህን ስትል ጀሪካኑን ሳትዞር አለፈችው፣ ፕሮፌሰርም በውስጥ በኩል ገብቶ ቀደማት። የዚያን ቀን ከሁሉም መጨረሻ ወጣች።